የሰከንድ ሁለት መቶ ሃምሳኛ

ጣፈጠች የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት እየጎተተች ሳለ የባሏ ታላቅ ወንድም ድምፅ በኮምፔርሳቶው ግድግዳ በኩል መጣ። ደገፉ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ከፎቶ አንሺው ቤኒ ጋር በስልክ ያወራል። «ካሜራውን ሰኞ መጥተህ ውሰደው» ይላል። «እሷ? ኧረ ተወኝ ቤኒ። የሌንሱን ክዳን ከመክፈት ሌላ ምን ታውቃለች? ቁም ሳጥን ውስጥ ከሚሻግት አንተ ሥራበት። አልነገርኳትም። ምን ይነገራል፤ የእኛ የወንድማማቾች ዕቃ ነው።» ወረቀቱ ለሁለት ተቀደደና ግማሹ ማሽኑ ውስጥ ቀረ።

ደገፉ ገብቶ ደንበኞች ለጉርድ ፎቶ የሚቀመጡባት ክብ በርጩማ ላይ ዐረፈ። እህል ነጋዴ ስለሆነ የትም ቢቀመጥ መጀመሪያ የሚያወራው ዋጋ ነው፤ ቲማቲም ኪሎው መቶ ሃያ ገባ አለ። መቶ ሃያ፣ አለች ጣፈጠች። ዝናቡ ነው ያበላሸው አለ እሱ። ግድግዳው ላይ በነጭ የተቀባው የጀርባ ሸራ እንደተጠቀለለ ነው፤ ከበላዩ «ሀብተየስ ፎቶ» የሚለው ጽሑፍ አለ። ባሏ ሀብተየስ ጥር ላይ ካረፈ ወዲህ ሱቁ ፎቶ ኮፒና ላሚኔሽን ብቻ ነው የሚሠራው፤ እሱንም ጣፈጠች ኬሚስትሪ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትወጣ፣ ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ። ደገፉ ስለ ካሜራው የተናገረው ሐሰት አልነበረም። ከስድስት ዓመት በፊት እሱ በሬ ሸጦ፣ አርባ ምንጭ ያለው ወንድማቸው ይስሐቅ ከደመወዙ ቆርጦ፣ ሀብተየስም ያለውን ጨምሮ ነው የተገዛው። እውነት መሆኑ ነገሩን አላቀለለላትም።

«ዛሬ አዬ ጋ እንሄዳለን አይደል» አለ ደገፉ በመጨረሻ። አዬ የሚሉት እናታቸውን ነው። «ይስሐቅ ለዘመን መለወጫው፣ ለጊፋታ፣ እንደመጣ ነው ያለው፤ ነገ ግን ይመለሳል። አዬ ደግሞ ሁላችሁንም በአንድ ፎቶ ካላየሁ ትላለች። ቤኒ እንዳያነሳን ቢጠና ከተማ ሠርግ ይዟል። በስልክ አንስተን እናባብላታለን እንግዲህ።»

«እኔ አነሳለሁ» አለች።

«በምን?»

«በካሜራው።»

ደገፉ የጣቶቹን ጫፍ ተመለከተ። «ከተበላሸስ?»

«ከተበላሸ ሰኞ ለቤኒ ይስጡት። ካማረ ግን እዚህ ይቀራል፤ ሱቁም ፎቶ ቤት ይሆናል።»

ሰኞ የሚለውን ቃል ከእሷ አፍ ሲሰማ ደገፉ ወደ ኮምፔርሳቶው ዞር ብሎ አየ። ግድግዳው ስስ መሆኑን ያወቀ አሁን ይመስላል። አላፈረም፣ አልተቆጣምም። «ስድስት ሰዓት ላይ መናኸሪያ እንገናኝ» ብሎ ወጣ። ይህ በእሱ ቤት እሺ ማለት ነው።

ጣፈጠች ሱቁን ዘግታ የካሜራውን ቦርሳ በትከሻዋ አንግታ በቀጥታ ወደ ሶዶ መርካቶ ሰፈር፣ ወደ ጋሽ ቸርነት ሱቅ ነው የሄደችው። ጋሽ ቸርነት አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ላይ ፎቶ ቤት የከፈቱ፣ እሳቸውም እዚያው ጨለማ ክፍል ውስጥ ያደጉ ሰው ናቸው። ፊልም ሲቀር ሥራውም ቀረና አሁን ፍሬምና መስታወት ይሸጣሉ። አምስት ሳምንት ሙሉ፣ ሱቁን ከዘጋች በኋላ፣ ጣፈጠች እዚህ ስትማር ቆይታለች። ማንም አያውቅም። የምትማረው ግን በሀብተየስ ካሜራ አልነበረም፤ በጋሽ ቸርነት አሮጌ፣ ፊልም አልባ ካሜራ ነው። የጀርባውን ክዳን ይከፍቱና ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ዓይኗን ከኋላ አስጠግታ እንድታይ ያደርጓታል። የሌንሱ ቁጥር አሥራ ስድስት ላይ ሲሆን ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ከምስር አይበልጥም፤ ሁለት ላይ ሲሆን የአንድ ብር ሳንቲም ያህል ይከፈታል። ብርሃኑን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ሹተር አንድ ሰከንድ ላይ አድርገው ሲጫኑት መስኮቱ ውስጡ ቆሞ ይታያታል፤ የሰከንድ አምስት መቶኛ ላይ ሲሆን ዓይኗ ምንም ሳይዝ ቀጭ ብሎ ያልፋል። ከዚያ በር ላይ ቆመው የሚያልፈውን ባጃጅ ይጠይቋታል፤ ይሄን በስንት ታቆሚዋለሽ፣ ያንን አህያስ በስንት። ትመልሳለች፣ ያርሟታል። ፊልም የሌለው ካሜራ አያሳፍርም ይሉ ነበር። አንድም ፎቶ አንስታ አታውቅም።

«አሥራ ዘጠኝ ሰው ነው» አለች ቆማ፤ ወንበር ቢሰጧትም አልተቀመጠችም። «በረንዳ ላይ። ዛሬ።»

ጋሽ ቸርነት መነጽራቸውን ሲፈልጉ ኪሳቸውን ደባበሱ፣ አጡት፤ ዓይናቸውን አጥብበው በመስኮቱ ወደ ዳሞታ ተራራ አዩ። ጫፉ በደመና ተሸፍኗል። «አሁን ምን አደረግሁ?» አሏት።

«ተራራውን አዩ።»

«ዓይኔን አጠበብሁ። መነጽር የሌለው ሰው ዓይኑን ሲያጠብ ቅርቡም ሩቁም ይጠራለታል፤ ግን ይጨልምበታል። አፐርቸር የምትይው እሱ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ብዙ ሰው ከፊትና ከኋላ ከሆነ ዓይኑን አጥብቢው። ስታጠብቢው ብርሃን ያንስሻል፣ ሹተሩን ማዘግየት ይመጣል። ስታዘገዪው የተንቀሳቀሰ ሁሉ ይጨስብሻል። ፎቶ አንሺ እኮ የሁለት ሚስት ባል ነው ልጄ፤ አንዷን ሲያስደስት ሌላዋ ታኮርፋለች።»

«አይኤስኦውንስ ከፍ ባደርገው?»

«እስከ ስምንት መቶ። ብርሃን ሲያንስ ያግዝሻል። የእናንተ ካሜራ ግን ከዚያ ሲያልፍ ፊት ላይ በርበሬ ይነሰንሳል። ሀብተየስ ራሱ ያማርር ነበር። ፍላሽስ?»

«ትንሹ ከሞተ ቆየ። ትልቁን ቤኒ ተውሶ ወስዶታል።»

«ቤኒ መዋስ ያውቃል» አሉና ቦርሳውን በጣታቸው አመለከቱ። «እስቲ አውጪው፣ ያለበትን ልየው።»

ጣፈጠች የቦርሳውን ማንገቻ ከትከሻዋ አላወረደችም። «እሱ እንደተወው ነው። ቁጥሩን አልነካሁትም።»

ጋሽ ቸርነት አንድ ባዶ ፍሬም አንስተው በእጅጌያቸው መስታወቱን ወለወሉ። ንጹሕ ነበር፤ ቢሆንም ወለወሉት። «እሱ የተወው ለጉርድ ፎቶ ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንድ ሰው፣ በርጩማ ላይ፣ መብራት በርቶለት። ለአሥራ ዘጠኝ ሰው አይሆንም።» እሷ ሰዓቷን አይታ ወጣች።

ወደ ተበላ ከተማ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ደገፉ የሁለቱንም ስልሳ ስልሳ ብር ከፍሎ ፊቱን ወደ መስኮት መለሰ። ጣፈጠች ቦርሳውን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ይዛ ቁጥሮች ታንበለብላለች፤ ሁለት፣ ሁለት ነጥብ ስምንት፣ አራት፣ አምስት ነጥብ ስድስት፣ ስምንት። አጠገቧ ዶሮ የታቀፈች ሴት ነበረች፤ ጋዜጠኛ ነሽ አለቻት። አይደለሁም አለች። ከኋላ የተቀመጠ ሰው፣ ጋዜጠኛ ብትሆን ኖሮ ታሪፉን ታነሳልን ነበር አለ፤ ሌላው ተቀበለና፣ ታሪፍስ ራሱ ተነስቷል፣ ፎቶ አንሺ አልጠበቀም አለ። መኪናው ሁሉ ሳቀ፤ ደገፉም ሳቀ። ሲስቅ በጎን ሀብተየስን ይመስላል። ጣፈጠች ወደ ዶሮዋ ተመለከተች። መንገዱ ቁልቁል እየወረደ በሄደ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሰማዩ ግን ከኋላቸው እየጠቆረ ይከተላቸዋል።

የአዬ አስካለች ቤት ከተበላ ሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ከፊት ለፊቱ የታጨደ የሣር ደጅ፣ ከሣሩ ማዶ ማንጎና ሙዝ፣ ከቤቱ ፊት ደግሞ ልጆቹ ተረዳድተው ያሠሩት ቆርቆሮ ክዳን ሰፊ በረንዳ አለ። ሲደርሱ ሁሉም ተሰብስቧል። ይስሐቅ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ሚስቱ ሩት ፀጉሯን በአርባ ምንጭ ፋሽን ተሠርታ፣ የደገፉ ሚስት ትዕዛዝ ልጆቿን አሰልፋ ፊታቸውን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች። አዬ አስካለች በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለበትን የወላይታ ሸማ፣ ዱንጉዛ፣ ትከሻቸው ላይ ጥለው እጆቻቸውን ከሥሩ ደብቀዋል። «ሳሮ» አሏት፤ ሰላም መሆኗን ሲጠይቁ። ጎንበስ ብላ ስትስማቸው ጨርቁ ሥር እጆቻቸው ሲንቀጠቀጡ ተሰማት። አምስት ዓመታቸው ነው እንዲህ ከሆኑ። ያ ዱንጉዛ የተሸመነበትን ጥጥ የፈተሉት እነዚያው እጆች ናቸው፤ አሁን ግን ብርጭቆ እንኳ ሰው ካልያዘላቸው አይሆንም፣ እንግዳ ሲመጣም ደብቀዋቸው ይቀመጣሉ። ሳሎን ውስጥ በአንድ ፍሬም የተሰበሰቡ ፎቶዎች አሉ፤ አብዛኛውን ያነሳው ሀብተየስ ነው። በሁሉም ላይ የአዬ እጆች ወይ ተሸፍነዋል፣ ወይ ጭስ ሆነዋል። ጣፈጠች ይህን ፍሬም ስንት ጊዜ አይታዋለች፤ ለምን ጭስ እንደሆኑ ግን ከአምስት ሳምንት በፊት አታውቅም ነበር። ባሏ ያልቻለውን ነገር ማወቅ የመስረቅ ያህል ሆነባት።

ደገፉ ማንንም ሳይጠይቅ ሰዉን መደርደር ጀመረ። በዚያ ቤት ፎቶ የሚነሱት እንደሚቀመጡት ነው። ከሁሉ ፊት፣ በረንዳው ጫፍ ላይ፣ የአባታቸው ባለ መደገፊያ ወንበር፤ እሱ ላይ በኩሩ ደገፉ። በግራው እናቱ፣ በቀኙ ይስሐቅ። ከኋላቸው ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ አክስቶችና አጎቶች በአግዳሚ ወንበር። ከእነሱ ኋላ ትልልቆቹ ልጆች። ከልጆቹ ኋላ፣ ግድግዳው ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ የወንድሞች ሚስቶች። ሀብተየስ ቢኖር ከይስሐቅ ቀጥሎ ነበር፤ ጣፈጠችም ግድግዳው ሥር። አሁን ስድስት ሜትር ርቃ ሣሩ ላይ ቆማለች።

ካሜራውን አወጣች። ሲበራ ትንሿ ስክሪን ላይ ቁጥሮቹ መጡ፤ አንድ ነጥብ ስምንት፣ አንድ ስድሳኛ፣ ሁለት መቶ። ጥር ላይ የመጨረሻው ሰው በርጩማው ላይ ሲቀመጥ የነበሩት ናቸው። አውራ ጣቷ የቁጥር ማዞሪያው ላይ ደረሰችና ቆመች። አይሆንም ብለዋታል ጋሽ ቸርነት፤ ራሷም ታውቃለች። ሆኖም ምናልባት አለች በልቧ፤ ምናልባት ይበቃ ይሆናል። ቁጥሩን ሳትነካ መጫኛውን ተጫነችው።

ደገፉ ተነስቶ መጥቶ በትከሻዋ በኩል አየ። «እኔ ጥሩ ወጥቻለሁ» አለ። እውነት ነው፤ የሸሚዙ ቁልፍ እንኳ ይቆጠራል። አክስቶቹ ግን ደብዝዘዋል፤ ግድግዳው ሥር ያሉት ሴቶች ፊት የላቸውም።

«እስቲ እኛን» አለች ሩት ተንጠራርታ። አየችና ሳቀች። «ትዕዛዝ፣ ነይ ተመልከቺ፤ ጉም ሆነናል።»

«በነጠላችሁ ትለያላችሁ» አለ ደገፉ።

«ነጠላውንማ ከአንዲት አክስት ነው የተዋስኩት» አለች ትዕዛዝ ከወደ ግድግዳው። «እሷ ናት እንዳልባል ብቻ።»

የአዬ እጆች ሊወጡ ሲሉ ተይዘው ኖሮ፣ ዱንጉዛው ጫፍ ላይ ግራጫ ነገር ተቀብቶ ይታያል። ጣፈጠች ካሜራውን ወደ ራሷ መለሰች። አውራ ጣቷን ማዞሪያው ላይ አደረገችና አዞረችው። ቀጭ አለ፤ አንድ ነጥብ ስምንት ሄደ። ትንሽ ድምፅ ናት፤ ከእሷ በስተቀር የሰማት የለም። ቀጭ፣ ቀጭ እያለች እስከ ስምንት ወሰደችው፤ አይኤስኦውን ወደ ስምንት መቶ ከፍ አድርጋ ሹተሩንም ብርሃኑ እስኪበቃ አወረደችው፤ አንድ አሥራ አምስተኛ ድረስ ወረደ። እንዳትነቃነቅ ክርኗን ከጎድኗ አጣብቃ አነሳች። አሁን ግድግዳው ሥር ያሉት ሴቶች በሙሉ ፊት አገኙ፤ ትዕዛዝ የተዋሰችው ነጠላ ጥለቱ ሳይቀር ተለየ። ከፊት ግን የአዬ እጆች የሉም። እጅጌያቸው አልቆ ጭስ ይጀምራል፤ አገጫቸውም ተንቀሳቅሶ ሁለት አፍ ያላቸው አስመስሏቸዋል። ከትዕዛዝ ልጆች ሁለቱ ደግሞ ተጎሻሽመው ኖሮ ጭንቅላታቸው ተዋህዷል።

«አዬን ጋኔን አስመሰልሻት» አለ ይስሐቅ፤ ሊያሾፍ ፈልጎ ነበር፣ ማንም ግን አልሳቀም። አዬ አስካለች ምን እንደተባለ ባይሰሙም ዝምታው ገባቸው፤ እጆቻቸውን መልሰው ከጨርቁ ሥር ከተቷቸው። ቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ኳ ኳ አሉ። ደገፉ ሰማዩን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«በስልክ እናንሳና ይብቃን» አለ። ድምፁ ክፉ አልነበረም፤ ይህ ነው ጣፈጠችን የባሰ ያስጨነቃት። «ሁሉም ሰው ሥራው አለው ጣፈጠች። ኬሚስትሪ ታስተምሪያለሽ፤ ትልቅ ነገር ነው። ካሜራውን ለሚያውቀው እንተወው።»

የካሜራውን ዓይን ካጠበበችው የአዬ እጆች ይጨሳሉ፤ ሹተሩን ካፈጠነችው ዓይኑ ሊሰፋ ነው፣ ዓይኑ ሲሰፋ ሴቶቹ ይጠፋሉ። ከሁለት አንዱን ምረጪ የሚላት ካሜራው ነው። ዝናቡ እየጨመረ፣ ብርሃኑ እየቀነሰ ነው። ቀና ብላ በረንዳውን አየች፤ ከደገፉ ጉልበት እስከ ትዕዛዝ ጀርባ ድረስ ያለውን ርቀት በዓይኗ ለካች። ሦስት ሜትር ይሆናል። ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። ችግሩ ቁጥሩ ላይ አልነበረም፤ ሰዎቹ አራት ረድፍ ርቀው መቀመጣቸው ላይ ነው። ሁሉም ከሌንሱ እኩል ቢርቁ ዓይኑን ማጥበብ ለምን ያስፈልጋታል?

«አንድ ጊዜ ቆዩ» አለች። «ወንበሩን አንሱልኝ። አግዳሚዎቹን ጫፍ ለጫፍ ግጠሟቸው፣ በረንዳው ጫፍ ላይ። ግማሻችሁ ተቀመጡ፣ ግማሻችሁ ከኋላ ቁሙ፣ ሆዳችሁ የፊተኛውን ጀርባ እስኪነካ። ዳርና ዳር ያላችሁ ትንሽ ወደ እኔ ጠጋ በሉ፣ እንደ ጨረቃ።»

«የትኛውን ወንበር?» አለ ደገፉ።

«የአባባን።»

ደገፉ የወንበሩን መደገፊያ ያዘ። «ይሄ ወንበር አባታችን ካረፈ ጀምሮ ከዚህ ተነስቶ አያውቅም» አለ። «ደግሞ ማን ከማን ጋር ነው የሚቀመጠው? የታላቅ ወንድምና የታናሽ ሚስት በአንድ አግዳሚ ላይ ጉልበት ሊነካኩ?»

«ያንን ከፈሩ ሩት ከአዬ ጎን ትቀመጥ» አለች ጣፈጠች። «ግን ግድግዳው ሥር አትቆምም። እዚያ ከቆሙ አይታዩም፤ ሠላሳ ጊዜ ባነሳም አይታዩም። እነሱ ይታዩ ካልሁ ደግሞ አዬ ይጠፋሉ። ቤኒም ቢመጣ ያው ነው። ማንን ልተው? እርስዎ ይንገሩኝ።»

እንዲህ ያለ ንግግር ከእሷ ሰምተው አያውቁም፤ እሷም ከራሷ ሰምታ አታውቅም። ደገፉ ወደ ሚስቱ ዞረ። ትዕዛዝ ግድግዳው ሥር ልጇን ታቅፋ ቆማለች፤ ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም። አዬ አስካለች ምን እየተባለ እንደሆነ ይስሐቅን በወላይትኛ ጠየቁት። ነገራቸው። አገጫቸው እየተንቀጠቀጠ ጥቂት አሰቡና፣ ሩትም እንዲገባት ይሁን እንጃ፣ በአማርኛ ተናገሩ።

«ደገፉ፣ ወንበርህን ማን ይበላዋል? ና፣ ከእኔ ጋር ተቀመጥ።»

ይስሐቅ ወንበሩን አንስቶ ሳሎን አስገባው። ከዚያ በኋላ አሥር ደቂቃ ግርግር ሆነ። አንዲት አክስት ከቆመች እንደማትቆይ፣ አንድ አጎት ከተቀመጠ እንደማይነሳ ተናገሩ። ሩት እየሳቀች ከአዬ ቀኝ ተቀመጠች፤ ትዕዛዝ መጀመሪያ አግዳሚው ጫፍ ላይ በግማሽ መቀመጫዋ ዐረፈች፣ ቀስ በቀስም ሙሉ በሙሉ ተቀመጠች። ደገፉ በእናቱና በሚስቱ መካከል ተጣብቦ ጉልበቱን የሚያደርስበት አጣ። ጣፈጠች ሁሉም እንዲገቡላት ወደ ኋላ አሥር ሜትር ያህል ሄደች። እዚያ ጣሪያ የለም። አንድ ፌስታል ቀድዳ ካሜራውን አለበሰችው፣ ሌንሱን ብቻ በቀዳዳው አወጣች፤ ዝናቡ በፀጉሯ ገብቶ በአንገቷ ይወርዳል። አፐርቸሩን ሁለት ላይ አደረገች። ሹተሩን ሁለት መቶ ሃምሳኛ ላይ አወጣችው። ብርሃኑ ትንሽ ያንሳል፤ ይነስ አለች።

«አዬ» ብላ ተጣራች። «እጅዎን ያውጡልኝ።»

አዬ አስካለች ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያውጧቸው። ግድ የለም፣ ይንቀጥቀጡ።»

አሮጊቷ ወደ ደገፉ አዩ፤ እሱ ዱንጉዛውን ከጉልበታቸው ላይ ቀስ ብሎ ገለጠላቸው። ሁለቱ እጆች ብርሃን ላይ ወጡ፤ ከዝናቡ ማዶ ሆና እንኳ ሲርገበገቡ ታያታለች። ትንፋሿን ያዘች። ተጫነችው። ደግማ ተጫነችው። ሦስተኛውን ስትጫን መብረቅ ብልጭ አለና ልጆቹ ጮኸው ተበተኑ።

በረንዳው ላይ ወጥታ ከፌስታሉ ስታወጣው መጀመሪያ የተቀበላት ደገፉ ነው። ልብሷ ላይ ስለሚንጠባጠበው ውኃ አላነሳም። ስክሪኑን አጉልቶ ከእህል ጠጠር እንደሚለቅም ሰው በጣቱ ፊት በፊት ሄደበት። አክስቶቹ አሉ። ይስሐቅ አለ። ሩት ጥርሷ ሁሉ ይታያል። ሚስቱ ላይ ሲደርስ ቆየ፤ ትዕዛዝ በሙሉ ፊቷ፣ ቀጥ ብላ፣ ካሜራውን ታያለች። ከተጋቡ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፤ እንዲህ የወጣችበት ፎቶ የለም። ከዚያ ራሱ ጋ ደረሰ። «ዓይኔን ጨፍኛለሁ» አለ።

«በሦስቱም» አለች ሩት ከጀርባው።

«አልጸለይሁም እኮ።»

«እንደ ሽማግሌ ነው የጨፈንከው፤ ያምርብሃል» አለው ይስሐቅ።

«ድጋሚ ታነሳኛለች» አለ ደገፉ፤ ለማንም ሳይሆን ለስክሪኑ።

አዬ አስካለች እጃቸውን ዘረጉ፤ ደገፉ ካሜራውን ጭናቸው ላይ አስቀመጠላቸው። ጣፈጠች አጠገባቸው ተንበርክካ ምስሉን አጎላችላቸው። ጉልበታቸው ላይ ሁለት እጆች ዐርፈዋል። የጣቶቹ መጨማደድ፣ ጥፍሩ፣ ክር ሲጎትት የኖረው የቀኝ አውራ ጣት መጉበጥ፣ ሁሉም አለ።

«ይህ የማን እጅ ነው?» አሉ።

«የእርስዎ ነው አዬ።»

«የእኔ ይነቃነቃል።»

«ይነቃነቃል። ከእሱ ፈጥኜ ነው ያነሳሁት።»

አዬ አስካለች ካሜራውን ወደ ፊታቸው አቀረቡት። በያዙት እጆች ውስጥ ስክሪኑ ይርገበገባል፤ ስክሪኑ ውስጥ ያሉት እጆች ግን ዝም ብለዋል። ረጅም ጊዜ አዩአቸው። ይስሐቅ አንዴ ልያዝልሽ ቢላቸው በክርናቸው ገፉት። ጣፈጠች ከተንበረከከችበት አልተነሳችም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ደገፉ በእናቱ ራስጌ ቆሞ ሸሚዙን ያስተካክላል፣ የፊቱን ላብ ይጠርጋል፣ እንደገና ያስተካክላል።

ስልኩ ጠራ። ቤኒ ነው፤ ከቢጠናው ሠርግ ከበሮና እልልታ በስልኩ አልፎ በረንዳው ድረስ ይሰማል። ደገፉ አንድ ጆሮውን በጣቱ ደፈነ። «አቤት ቤኒ። ሰኞ? አይ፣ ሰኞ አትምጣ። ካሜራው ሥራ ላይ ነው» አለ። አዳመጠና ወደ እናቱ፣ ከዚያም ወደ ጣፈጠች አየ። «ማን ይሠራበታል ትለኛለህ? እኔ ራሴ እዚህ ቆሜ ተራዬን እየጠበቅሁ ነው።»